ሲቀላ ላይ መቆሚያ በነፃ ነው፤ ሒሳቡን ሙዙ ይከፍላል

ስለ መንገድ መጨናነቅ ሲነሣ የሁላችንም ዓይን የሚሄደው ወደ አዲስ አበባ ነው። መገናኛ፣ ሜክሲኮ፣ ጀሞ… አርባ ምንጭ ላይ «መንገድ ተዘጋግቶብኝ ዘገየሁ» የሚል ሰው ከአዲስ አበባ በመጣ እንግዳ ፊት መሳቂያ ነው የሚሆነው። በእኔም ደርሷል። ለሆቴል የሚሆን ቦታ ሊያይ ወደ ከተማችን ብቅ ያለ አንድ ባለሀብት ሴቻ ላይ ቀጠሮ ሰጥቶኝ ሃያ አምስት ደቂቃ ዘግይቼ ደረስኩ። «ከየት ነው የመጣኸው?» አለኝ። ከሲቀላ መሆኑን ስነግረው ከት ብሎ ሳቀና «አራት ኪሎ ሜትር መንገድ፣ ለዚያውም አርባ ምንጭ ውስጥ!» አለ። አልተከራከርኩትም። በዚያው ዕለት ማምሻውን የጫሞን አሳ ሊቀምስ ወደ ሲቀላ የወረደው ይኸው ሰው ከመኪናው ውስጥ ሆኖ ስልክ ደወለልኝ። ግራና ቀኙን ባጃጅ ከቦታል፤ ከፊቱ አንድ ኢሱዙ ጭነቱን ጭኖ ተገትሯል፤ ከኋላው ያለው ሁሉ ጡሩምባውን ይነፋል። «እናንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው አዲስ አበባ የሆናችሁት?» አለኝ።

ነገሩ ቀልድ ይምሰል እንጂ ጥያቄው መልስ ያሻዋል። አርባ ምንጭ አዲስ አበባ አልሆነችም። ያን ያህል መኪና የላትም። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ከሲቀላ ሴቻ ለመውጣት አሥር ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። አስፋልቱ ያው የቀኑ አስፋልት ነው፤ ሌሊት ስለመሸ አልሰፋም። ስለዚህ «ችግራችን የመንገድ ጥበት ነው» የሚለውን የተለመደ አባባል ይህ ጸሐፊ እንዳለ አይቀበለውም። በበኩሌ ችግሩ የዋጋ ነው ባይ ነኝ። ሲቀላ ውስጥ ሙዝ ዋጋ አለው፤ አሳ ዋጋ አለው፤ አንዲት ጠባብ ሱቅ ለመከራየት የሚጠየቀውን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከሁሉም በላይ ተፈላጊ የሆነችው ነገር፣ ማለትም በዋናው መንገድ ዳር ያለችው የመቆሚያ ቦታ፣ ብቻዋን ዋጋ የላትም። ተፈላጊ ሆኖ ዋጋ የሌለው ነገር መጨረሻው ምን እንደሆነ በቀበሌ ሱቅ ደጃፍ በስኳርና በዘይት አይተነዋል፤ ሰልፍ ነው።

አርባ ምንጭን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማስረዳት ይገባል። ከተማይቱ በስም አንድ ትሁን እንጂ በአቀማመጥ ሁለት ናት። ታች ሲቀላ አለች፤ ገበያው፣ ጅምላ አከፋፋዩ፣ የመለዋወጫ ሱቁ እዚያ ነው። ላይ ሴቻ አለች፤ ሁለቱን ሐይቆችና በመካከላቸው ያለውን የእግዜር ድልድይ ቁልቁል እያየች መሥሪያ ቤቱን ይዛ ተቀምጣለች። በሁለቱ መካከል አራት ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ አለ፤ ዳገት ነው። የጋሙ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከብርዳማዋ ጨንቻ ወደዚህ ቆላ ሲወርድ፣ ከተማውን ያሰቡት ሰዎች በዓይነ ኅሊናቸው ያዩት ጥቂት ላንድሮቨርና ጥቂት የጭነት መኪና ቢሆን አይፈረድባቸውም። ከዚያ ወዲህ ግን በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ተከፈተ፤ ኋላም ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ግቢዎቹን በየአቅጣጫው ዘረጋ። ጋሞና ጎፋ ለየብቻ ዞን ሲሆኑ አርባ ምንጭ የጋሞ ዞን መቀመጫ ሆና ቀጠለች። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረትም የክልሉ ቢሮዎች ከተደለደሉባቸው ከተሞች አንዷ ሆነች። ቢሮ ሲጨመር ሠራተኛ ይጨመራል፤ ሠራተኛው ሴቻ ይሠራል፣ ሲቀላ ይሸምታል። ከሶዶ መጥቶ ወደ ኮንሶና ወደ ጂንካ የሚያልፈው ከባድ መኪናም በአብዛኛው ከተማዋን አቋርጦ ነው የሚሄደው። አንድ ጉሮሮ፣ ብዙ ጎራሽ!

ለዚህ ገጽ አንባቢ ግን የሚቀርበው ጉዳይ ከሙዙ ይጀምራል። አዲስ አበባ የምትበላው ሙዝ አብዛኛው ከዚህ አካባቢ እንደሚወጣ ማንም ነጋዴ ያውቃል። ከጫኖና ከላንቴ በኩል የሚጫነው ከከተማው በስተሰሜን ስለሆነ ሲቀላን ሳይረግጥ ወደ ሶዶ ያመራል። ከደቡብ፣ ከቆላ ሸሌ በኩል የሚመጣው ጭነት ግን የግድ ከተማዋን ማቋረጥ አለበት። ሙዛችን እንደምታውቁት ካርቶን የለውም፤ ሣጥን የለውም። በጥሬው፣ በአረንጓዴነቱ፣ የሙዝ ቅጠል ተጎዝጉዞለት በኢሱዙ ላይ ይደረደራል። ቢጫ የሚሆነው አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ቤት ተዘግቶበት በላምባ ጭስ ሲታጠን ነው። በመንገድ ላይ ያለው ተግባሩ አንድ ብቻ ነው፤ ሳይሞቀውና ሳይቀጠቀጥ ቶሎ መድረስ። በአርባ ምንጭ ፀሐይ ስር ቆሞ ሞተሩን አጥፍቶ የሚጠብቅ ኢሱዙ ይህን ሁሉ ያበላሻል።

አንድ የኢሱዙ ሾፌር በረንዳ ላይ ሻይ እየጠጣ ያጫወተኝን ላካፍላችሁ። «ግማሽ ሰዓት ብትዘገይ ምን ትሆናለህ?» ብዬ ጠየቅሁት፤ ለከተማ ሰው የሚጠየቅ ጥያቄ ነበር። «ወንድሜ፣ እዚህ የጠፋች ግማሽ ሰዓት አዲስ አበባ ስትደርስ ቀን ትሆናለች» አለኝ። ሒሳቡ እንዲህ ነው። ወደ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መንገድ ማታ ጀምሮ ነው የሚነዳው። የአትክልትና ፍራፍሬ ገበያ የሚደራው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ድሮ ፒያሳ አትክልት ተራ ሲሆንም፣ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ ሲዛወርም፣ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ሲሆንም ይኸው ነው። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የከባድ ጭነት መኪናን የቀን እንቅስቃሴ ገድባለች። ስለዚህ ጎሕ ሲቀድ ያልደረሰ ጭነት ወይ ከከተማው ጫፍ ቆሞ ይጠብቃል፣ ወይ ቸርቻሪው ሸምቶ ከሄደ በኋላ ይደርስና ደላላው የጠራውን ዋጋ ይቀበላል። ከዚህ በፊት የተገዛውን ሙዝ ማንም አይመልስለትም፤ የሱም ሙዝ ለነገ አይቆይለትም።

እንበልና 50 ኩንታል የጫነ መኪና በዚህ መዘግየት ምክንያት በኪሎ ሁለት ብር ብቻ ቢወርድበት 10,000 ብር ነው። ይህን ብር የሚከፍለው ማነው? ሾፌሩ አይደለም፤ የጭነት ኪራዩን ተቀብሏል። ባለመኪናውም አይደለም። ነጋዴው ለጊዜው ይከፍልና በሚቀጥለው ጭነት ማሳ ድረስ ወርዶ ሲገዛ ዋጋውን ቀንሶ ይተካል። ሸሌ ላይ ሙዙን የሚያጠጣው ገበሬ ሲቀላ ላይ ለምን መንገድ እንደተዘጋ አያውቅም፤ ሒሳቡን ግን እሱ ነው የከፈለው። በሲቀላ መሀል መንገድ ቆሞ ሥሙኒ የሚፈልገውን ባለባጃጅና ይህን ገበሬ የሚያገናኛቸው ገበያ የለም። እንግሊዛዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ አርተር ፒጉ ይህንኑ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1920 በሁለት መንገዶች ምሳሌ ጽፎታል። አንዱ መንገድ ሰፊና ሻካራ፣ ሌላው ጠባብና ለስላሳ ነው እንበል። ሁሉም የራሱን ድካም ብቻ እያሰላ ወደ ለስላሳው ሲጎርፍ፣ ለስላሳው ከሻካራው የማይሻል እስኪሆን ድረስ ይጨናነቃል። እያንዳንዱ የሚቆጥረው በእሱ ላይ የሚደርሰውን መዘግየት እንጂ እሱ በሌላው ላይ የሚያደርሰውን አይደለም። ፒጉ በዚያ መንገድ ላይ ክፍያ ይጣል አለ። ዩኒቨርሲቲ ሳለን ይህን ስንማር ጉዳዩ የፈረንጅ አገር መስሎን ነበር።

አሁን ወደ ባጃጁ ልምጣ። ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ፤ የታላቅ እህቴ ባል በእቁብ ገንዘብ ባጃጅ ገዝቷል። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ፍጹም ገለልተኛ ነኝ ብዬ አንባቢን አላታልልም። ጋሼ ባጃጁን ራሱ አይነዳውም፤ ለአንድ ወጣት ሰጥቶ በየማታው የቀን ገቢ ይቀበላል። የቀን ገቢ ማለት ቁርጥ ነው። ወጣቱ ብዙ ሠራም ጥቂት ሠራም ለባለንብረቱ ያንኑ ያስረክባል፤ ነዳጁን ይሞላል፤ የተረፈችው የሱ ናት። ይህን ውል የፈጠረው ሰው ኢኮኖሚክስ አልተማረም፤ ነገር ግን ከዚህ የተሻለ የመንገድ መዝጊያ ዘዴ ሊፈጥር አይችልም ነበር። ምክንያቱም ወጣቱ የመጀመሪያውን ገንዘብ የሚያገኘው ለሌላ ሰው ነው። የራሱን ዳቦ የሚያገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ሰው ባየበት ይቆማል፤ ከፊቱ ያለውን ባጃጅ ለመቅደም በተቃራኒው መስመር ይገባል፤ ሦስት ሰው የሚጭነውን ወንበር ለአራትና ለአምስት ያብቃቃዋል፤ ሰው ባያገኝም ባዶውን ይዞራል። ባዶ የሚዞር ባጃጅ ቦታ የሚይዘው ሙሉውን ያህል ነው። «ሥርዓት የለሾች» ብለን እንሰድባቸዋለን። በዚያ ውል ውስጥ የገባ ጨዋ ሰው ሁሉ በሁለተኛው ሳምንት እንደዚያው ይነዳል።

ነዳጁ ደግሞ በላዩ ላይ ተጨመረ። በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ መንግሥት ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ሲጀምር አዲስ አበባ ላይ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ገባ። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ደረሰ፤ ከዚያም ወዲህ ጨምሯል። ወደ ክፍለ ሀገር ሲወርድ የማጓጓዣው ይታከልበታል። ዋጋው ባልከፋ፤ የሚከፋው አለመገኘቱ ነው። ቤንዚን ገባ በተባለ ቀን ማደያ ደጃፍ የሚሰለፈው የባጃጅ ሰልፍ የመንገዱን አንድ ጎን ይውጠዋል። በአንድ ምክንያት ሁለት ጉዳት! ሰልፉ መንገዱን ያጠበዋል፤ ሰልፉ ላይ ግማሽ ቀን ያጠፋው ወጣት ደግሞ የቀን ገቢውን በቀረው ግማሽ ቀን ለማሟላት እንደ እብድ ይነዳል። ወይም ሰልፉን ትቶ በጀሪካን ከሚሸጡት ከታሪፍ በላይ ይገዛና ልዩነቱን በተሳፋሪው ላይ ይጥላል። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ የጎማውና የመለዋወጫው ዋጋ የሄደበትን ሱቅ ያላችሁ ከእኔ ይበልጥ ታውቁታላችሁ።

አንዲት ትንሽ ነገር ልጨምር፤ ትስቁብኝ ይሆናል። በዝርዝር ብር እጦት የሚዘጋውን መንገድ የሚያጠና ሰው እስካሁን አላየሁም። ተሳፋሪው የመቶ ብር ኖት ያወጣል። ሾፌሩ መልስ የለውም። እዚያው መሀል መንገድ ላይ አጠገቡ ያለውን ባጃጅ በምልክት ያስቆመዋል፤ «ዝርዝር አለህ?» ይለዋል። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ይቆጥራሉ፤ ከኋላቸው ያለው ሁሉ ያጨበጭባል። በመስከረም 2013 የሁለት መቶ ብር ኖት ከወጣ ወዲህ ይህ ትርዒት በርክቷል። ዛሬ ወጣቶቹ በስልክ የሚከፍልላቸውን ተሳፋሪ የሚወዱት ለዚህ ነው፤ ይሁንና የኔትወርኩ ነገር እንዳለ ነው፤ ገንዘቡ እስኪገባ ቆሞ መጠበቅ አለ።

ታዲያ ምን ይደረግ? በየሻይ ቤቱ የምሰማው መፍትሔ አንድ ነው፤ «ባጃጅ ከዋናው መንገድ ይውጣ!» ይህን የሚሉት አብዛኞቹ የራሳቸው መኪና ያላቸው ናቸው። አዲስ አበባ ይህን ሞክራዋለች። ከየካቲት 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ባጃጅ በመላ ከተማው እንዳይሠራ ታገደ። ምን ሆነ? በየሰፈሩ ውስጥ ለውስጥ የሚመላለሰው ሰው በእግሩ ቀረ፤ የባጃጅ ዕዳ የነበረበት ሁሉ ጭንቅ ውስጥ ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ በገደብና በተወሰነ ቦታ መልሶ እንዲሠራ ተፈቀደ። አዲስ አበባ እንኳ ታክሲ አላት፣ አውቶቡስ አላት፣ ባቡር አላት። አርባ ምንጭ ባጃጅን ብታስወጣ ነፍሰ ጡሯን ከሲቀላ ዳገት ላይ የሚያወጣት ማነው? ደግሞስ ስንት ዲፕሎማና ዲግሪ የያዘ ወጣት ነው በዚያች ሦስት ጎማ ላይ ተቀምጦ ቤተሰብ የሚያስተዳድረው!

«መንገዱ ሲሰፋ ይቃለላል» የሚሉም አሉ። የኮሪደር ልማቱ ከአዲስ አበባ ወደ ክልል ከተሞች ሲወርድ አርባ ምንጭንም ደርሷታል፤ የእግረኛ መንገድና መብራት መጨመሩን የሚጠላ የለም። ነገር ግን የመቆሚያው ሕግ ሳይለወጥ የሰፋ መንገድ የሰፋ መኪና ማቆሚያ ነው የሚሆነው። ሌላው ተስፋ የኤሌክትሪክ ባጃጅ ነው። በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ ነጋዴውም ሰዉም ዓይኑን ወደዚያ አዙሯል። የኤሌክትሪኩ ባጃጅ የማደያውን ሰልፍ ያስቀራል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሲቀላ መሀል ላይ የሚይዘው ቦታ ግን የቤንዚኑን ያህል ነው።

እንግዲህ ይህ ጸሐፊ የሚለው ወደ ዋጋው እንመለስ ነው። ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ1975 ወደ መሀል ከተማ በሥራ መግቢያ ሰዓት የሚገባውን መኪና ማስከፈል ጀመረች። ለንደን በ2003፣ ስቶክሆልም በ2006፣ ኒውዮርክ በ2025 ተከተሉ። ይህን ሐሳብ በአሜሪካ ለዐሥርታት ሲወተውት የኖረው ዊልያም ቪክሪ እ.ኤ.አ. በ1996 የኖቤል ሽልማት ማግኘቱ በተነገረ በሦስተኛው ቀን ነው የሞተው፤ ኒውዮርክ እሱ ያለውን ለመሥራት ከዚያ በኋላ ሃያ ስምንት ዓመት ፈጅቶባታል። አርባ ምንጭ ላይ ካሜራ ይተከል፣ ኮምፒዩተር ይገዛ እያልኩ አይደለም። የእኛ ችግር የሚገባው መኪና ብዛት ሳይሆን የሚቆመው ነው። ስለዚህ የሚሸጠው ነገር መቆሚያው ነው።

ሲቀላ ላይ በዋናው መንገድ ዳር ያለው ቦታ በቀለም ይለይ። ለባጃጅ የሚሆነው ለባጃጅ፣ ዕቃ ለማውረድ የሚሆነው ለዚያ ብቻ፣ ለቤት መኪና የሚሆነው በሰዓት እየተከፈለበት። በቀለሙ ላይ የቆመ ይከፍላል፤ ከቀለሙ ውጪ የቆመ ይቀጣል። የቆላ ሸሌው ኢሱዙ በገበያ ሰዓት ከተማዋን ማቋረጥ ካለበት ይለፍ፤ ነገር ግን ለሱቅ የሚያወርደው የጅምላ ጭነት ሌሊትና ማለዳ ይሁን፤ በቀን ማውረድ የፈለገ ነጋዴ ጠንከር ያለ ዋጋ ይክፈልበት። እዚህ ላይ የምትናደዱ አንባቢዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሌሊት የሚያወርድ ጫኝና አውራጅ የበለጠ ይጠይቃል፣ ጥበቃ ይፈልጋል፣ ሱቅ ከፍቶ የሚጠብቅ ሰው ይፈልጋል። እውነት ነው። ያ ወጪ ግን ዛሬም አለ፤ ዛሬ የሚከፍለው መንገዱ ተዘግቶበት የቆመው ሁሉ ስለሆነ ነው በእናንተ መዝገብ ላይ የማይታየው።

በነገራችን ላይ የሲቀላን መንገድ ዳር በመያዝ ባጃጁን የሚስተካከለው ማን እንደሆነ ለማየት አንድ ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወጥታችሁ ተመልከቱ። ባለሱቁ ራሱ ነው! መኪናውን አምጥቶ ሱቁ ደጃፍ ያቆማል፤ ማታ ሱቁን ሲዘጋ ይነሣል። ደንበኛው የሚቆምበት አጥቶ ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል። ከዚያም «ገበያ ቀዘቀዘ» እያለ ያማርራል። አንዳንዱ ደግሞ መኪና ባይኖረው ድንጋይና ጎማ አስቀምጦ ቦታውን ያጥራል፤ ዕቃውን በእግረኛው መንገድ ላይ ይደረድርና እግረኛውን ወደ አስፋልቱ ያወርደዋል። ቀኑን ሙሉ በደንበኛው ቦታ ላይ የተኛችው መኪና በሰዓት አንዲት ትንሽ ብር ብትጠየቅ ኖሮ ባለቤቷ ከሱቁ ጀርባ ቦታ መኖሩን ያን ጊዜ ያስታውስ ነበር።

«መንገድ የሕዝብ ነው፤ ድሃውን ልታስከፍል ነውን?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ከባድ ጥያቄ ነው፤ አላቃልለውም። ነገር ግን መንገዱ ዛሬ በእርግጥ በነፃ ነው እንዴ? ባለባጃጁን ጠይቁት። ሰው በሚበዛበት ፌርማታ ለመጫን ለተራ አስከባሪ ሳንቲም ይከፍላል። ደረሰኝ የለውም፤ ታሪፍ የለውም፤ ዛሬ የከፈለበት ቦታ ነገ ለሌላ ይሰጥበታል። መቆሚያው ዋጋ የለውም ያልኩት መዝገብ ላይ ያለውን ነው፤ ዋጋውን ከተማው መጠየቅ ሲገባው ስላልጠየቀ ጉልበት ያለው ጠየቀ። ስለዚህ ክርክሩ ይከፈል አይከፈል አይደለም፤ ለማን ይከፈል፣ በስንት ይከፈል፣ የከፈለስ ምን ያገኛል ነው። ገንዘቡ ወደ ከተማው ካዝና ገብቶ ጠፍቶ የሚቀር ከሆነ እኔም አልደግፈውም። ለዚያው መንገድ፣ ለጎርፍ መውረጃው፣ ለእግረኛው መንገድ መዋሉ በግልጽ ሊታይ ይገባል። ተራ አስከባሪዎቹ ወጣቶችም ደመወዝተኛ ሆነው ደረሰኝ ይቁረጡ፤ ሥራውን ከማንም በላይ ያውቁታል።

የቀን ገቢውንም ውል መንካት ያስፈልጋል። በሲቀላና በሴቻ መካከል ለሚመላለሰው ሰው ጠዋትና ማታ ሁለት ሰዓት ሁለት ሰዓት አውቶቡስ ወይም ሚኒባስ በቁርጥ ሰዓት ቢመደብ፣ አንድ አውቶቡስ የሚያነሣው ሰው የስንት ባጃጅ እንደሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው። ባጃጁ ደግሞ ከዳገቱ መንገድ ይልቅ ውስጥ ለውስጡን በስምሪት ይሥራ። ማኅበራቱ ተራውን ራሳቸው ቢይዙና በባዶ የሚዞረው ቢቀንስ ነዳጁም ይተርፋል። ባለንብረቱ ከቁርጥ ገቢ ይልቅ ከተሠራው ላይ ድርሻ ቢወስድ ወጣቱ እንደ እብድ የሚነዳበት ምክንያት ይቀንሳል። ይህን ለጋሼ ነግሬው አልወደደልኝም። «ምን ያህል እንደሠራ በምን አውቃለሁ?» አለኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ለዚህ መልስ የሚሰጠው በስልክ የሚከፈለው ክፍያ ሲለመድ ይመስለኛል፤ ያኔ ሒሳቡ በጽሑፍ ይቀራል።

ይህ ሁሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ወረቀት በመለጠፍ አይሆንም። የጋሞ ሕዝብ ጉዳዩን ዱቡሻ ላይ ተቀምጦ የሚመክርበት ልማድ ያለው ነው፤ ተመክሮበት የተስማማበትን ያከብራል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ከቡራዩው ጥቃት በኋላ የተቆጣውን ወጣት እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው የመለሱት የጋሞ ሽማግሌዎች ናቸው፤ በወቅቱ አገር ሁሉ አይቶታል። ባለባጃጁ፣ ባለሱቁ፣ የሙዝ ነጋዴው፣ የሸሌው ገበሬ፣ የትራፊክ ፖሊሱ አንድ ላይ ያልተቀመጡበት የመቆሚያ ታሪፍ በሦስተኛው ቀን ይፈርሳል። ትራፊክ ፖሊሶቹን ካነሣሁ አይቀር፣ በዚያ ሙቀት በእጅ ምልክት ብቻ ሲቀላን የሚያንቀሳቅሱ ሰዎች ከምንሰጣቸው ምስጋና በላይ ይሠራሉ።

መቼ ይሞከር ለሚለው ሁነኛው ጊዜ የመስቀል ሰሞን ነው። አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሸማውን ሲሠራ የከረመው የዶርዜ ሰው፣ በየከተማው የተበተነው የጋሞ ተወላጅ ሁሉ ለዮ ማስቃላ ወደ አገሩ ይመለሳል። መናኸሪያው ይሞላል፤ ታሪፍ የሚባለው ነገር ይረሳል፤ ወደ ጨንቻ የሚወጣ መኪና የጠየቀውን ያገኛል፤ ሲቀላ ትታፈናለች። በዚያ ሰሞን ሁሉም ሰው የመንገድን ዋጋ ያለ አስተማሪ ስለሚያውቀው ስለ ክፍያ ማውራት ይቀላል። የሆቴል ቦታ ሊያይ የመጣው እንግዳዬ ሳይወስን ነው የተመለሰው። ሴቻ ላይ ሐይቁን እያየ መሥራት ይፈልጋል፤ ለኩሽናው የሚያስፈልገው ሁሉ ከሲቀላ በሰዓቱ ይወጣልኛል ወይ የሚለው ግን አሳስቦታል። ከመስቀል በኋላ ተመልሶ ሊያይ ቀጠሮ ይዟል።

ጋሼን ይህን ጽሑፍ ከማስረከቤ በፊት ጠየቅሁት። ሲቀላ ላይ ለባጃጅህ የተለየ መቆሚያ ቢኖርና በየቀኑ ደረሰኝ ተቆርጦ የምትከፍልበት ቢሆን ትከፍላለህ ወይ አልኩት። «ስንት ነው?» አላለኝም። ጥቂት አሰበና «ከፍዬ ስመጣ ቦታዬ ላይ የሰው መኪና ቆሞ ካገኘሁ ማን ያነሣልኛል?» አለኝ።